ሜዳውም የትምህርት ክፍል ነው

በክፍል ውስጥ ትምህርት የዘገየበትን ልጅ «አህያ» ብሎ መስደብ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። መምህሩ ይለዋል፤ ጓደኞቹ ይደግሙታል፤ ልጁም ውሎ አድሮ አምኖ ይቀበለዋል። ይህ ስድብ ሁለቱንም በድሏል። ልጁን በድሏል፤ ፊደል መለየት ያቃተው ስለ ሰነፈ ሳይሆን ዓይኑ፣ ጆሮው ወይም የአእምሮው አሠራር ከሌሎቹ ስለ ተለየ ሊሆን ይችላልና። አህያውንም በድሏል፤ ይህ ትዕግሥተኛ እንስሳ በሌላው አገር ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የመምህር ረዳት ሆኖ መሥራት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታልና።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ኤልሳቤት ስቬንድሰን የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1969 ለተጎሳቆሉ አህዮች መጠለያ የሚሆን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። ኋላም ልዩ ፍላጎት ያላቸው ሕፃናት አህያ ላይ እየተቀመጡ፣ እየዳሰሱና እየተንከባከቡ የሚጠቀሙበትን ሥራ ጨመሩበት። ይኸው ድርጅት በኢትዮጵያም፣ በቢሾፍቱ ከሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር በመተባበር፣ ለብዙ ዓመታት አህዮችን ሲረዳ ቆይቷል። እንግዲህ አህያን የማከም ጥበብ ወደ እኛ ደርሷል፤ አህያ ልጅን የሚረዳበት ጥበብ ግን በመደበኛ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ቦታ አላገኘም። በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች ሁሉ የምትቀድመው ኢትዮጵያ ለዚህ ጥበብ ባዕድ መሆን አልነበረባትም።

ሌላም ምስክር አለ። የዴንማርኳ ሊስ ሃርቴል እ.ኤ.አ. በ1944 በፖሊዮ ታማ ከጉልበቷ በታች እግሮቿ ሽባ ሆኑ። ወደ ኮርቻዋ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ፈረስን በሥርዓት በማስኬድ ውድድር የብር ሜዳልያ ስትወስድ፣ ፈረሷ ላይ የሚያወጣትና የሚያወርዳት ሰው ያስፈልጋት ነበር። አካል ጉዳተኞችን በፈረስ የመርዳቱ ሥራ በአውሮፓ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በአሜሪካም የሥነ ልቡና ሊቁ ቦሪስ ሌቪንሰን ከሰው ጋር መነጋገር የተሳነው ሕፃን ከውሻ ጋር ሲጫወት እንደሚፈታ አስተውለው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ጽሑፍ ውሻን የሐኪም አጋር ብለው ጠሩት። በጊዜው የሳቁባቸው አልጠፉም።

ዛሬ ግን ነገሩ በጥናት እየተመረመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 16 ዓመት የሆነ ከ100 በላይ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ለ10 ሳምንታት ፈረስ ጋለበ፤ ሁለተኛው ከፈረስ ጋር ሳይገናኝ እዚያው ጋጣ ውስጥ ስለ ፈረስ ተማረ። በጋለቡት ዘንድ ቁጣና መቅበጥበጥ ይበልጥ ቀነሰ፤ የሚናገሩትም ቃል በዛ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ትኩረት የሚያጥራቸው ልጆች በመናፈሻ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ከተራመዱ በኋላ፣ በከተማ መሐል ወይም በመኖሪያ ሰፈር ከተራመዱበት ጊዜ ይልቅ አሳባቸውን መሰብሰብ እንደ ቻሉ አሳየ። የተፈተኑት ልጆች 17 ብቻ ስለ ሆኑ ከሚችለው በላይ ማስረጃ አናሸክመውም፤ ሆኖም ንቆ ማለፍም አይገባም።

ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። እንስሳ በልጅ አይስቅም፤ የፈተና ውጤትም አይጠይቅም። በለስላሳ እጅ ሲነኩት ይቀርባል፤ ሲጮኹበት ይሸሻል፤ ስለዚህ ልጁ የሥራውን ፍሬ ወዲያው ያያል። ማየት የተሳነው ልጅ በሰሌዳ ላይ የተሳለ በግ ምንም አይጠቅመውም፤ ጸጉሩን ሲዳብስ፣ ትንፋሹን ሲሰማና ሽታውን ሲለይ ግን በግ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ቁጥር የጠፋበት ልጅ ከዶሮው ቤት እንቁላል እየለቀመ ሲቆጥር፣ 5 እና 3 የሚጨበጡ ነገሮች ይሆኑለታል። ሁልጊዜ ሌሎች የሚረዱት ልጅም ለአንድ ፍጥረት ውኃ የሚያቀርበው እርሱ ሲሆን፣ ተረጂ ብቻ አለመሆኑን ይማራል።

ይህን ስንል ልጁ ወደ እረኝነት ይመለስ ማለታችን እንዳይመስል። በገጠር ወንድምና እኅቱ ደብተር ይዘው ሲሄዱ መስማት የተሳነው ልጅ ከብት ይጠብቅ ተብሎ የሚቀርበት ቤት አለ። ያ በደል እንጂ ትምህርት አይደለም። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እረኛው ለከብቱ ሲባል ሜዳ ይውላል፤ ተማሪው ግን ለራሱ ዕውቀት ሲባል፣ ዓላማ ባለው ሰዓት፣ ከሠለጠነ መምህር ጋር ይወጣል። የምልክት ቋንቋ፣ ብሬልና መጽሐፍም እንደ ተጠበቁ ይኖራሉ፤ ሜዳው ይጨመርባቸዋል እንጂ አይተካቸውም።

እንስሳ መድኃኒት ነው አንልም፤ ኦቲዝምንም ሆነ ሽባነትን አያጠፋም። የሚፈራውን ልጅ ማስገደድ አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው የሚገድል ስለ ሆነ፣ ያልተከተበ ውሻ ወደ ትምህርት ቤት ሊቀርብ አይገባውም። እንስሳውም ዕረፍት፣ መኖና ጥላ ያስፈልገዋል፤ ጀርባው የቆሰለ አህያ ለልጅ የሚያስተምረው ጭካኔን ብቻ ነው።

«ወንበርና መጽሐፍ ሳይሟላ ስለ ዶሮና ስለ በግ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን እናየዋለን። ከውጭ በውድ ዋጋ የሚመጣው መሣሪያ ላይደርስ ይችላል፤ ዶሮው፣ በጉና የጓሮው አትክልት ግን በየሰፈሩ አለ። የጎደለን እንስሳ ሳይሆን ዕቅድና የሠለጠነ ሰው ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የስምምነቱም አንቀጽ 24 ሁሉን ያቀፈ ትምህርት መብት መሆኑን ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ገብቶም ቢሆን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የተረሳው ልጅ ብዙ ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዲሉ፣ የማስተማሪያውን ዘዴ ለመንካት ፈርተን ልጁን እንወቅሳለን።

ታዲያ ከዩኒቨርሲቲ ምን ይጠበቃል? የልዩ ፍላጎት ትምህርት በስድስት ኪሎ ይሰጣል፤ የእንስሳት ሕክምና በቢሾፍቱ ይሰጣል። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ሆነን ሳለ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ተመርቀን እንወጣለን። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሁለቱ ክፍሎች መምህራን ተገናኝተው አንድ ፈቃደኛ ትምህርት ቤት ይምረጡና በጥቂት ዶሮዎች፣ በሁለት በጎችና በአንዲት የአትክልት መደብ ሥራውን ይሞክሩት። ሁለተኛ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የክትባቱንና የጤናውን ቁጥጥር፣ የትምህርት ተማሪዎች ደግሞ የልጆቹን ለውጥ እየመዘገቡ የመከታተሉን ሥራ ይያዙ። ውጤቱ መልካምም ሆነ ደካማ በግልጽ ይነገር። ሦስተኛ፣ በመካከላችን ያሉት ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ከዕቅዱ መነሻ ጀምሮ ይጠየቁ፤ ስለ ክፍሉ ጭንቀት ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሰዓት ይጠይቃል። የምንማረው ለዲግሪው ብቻ ካልሆነ፣ በቤት ተደብቆ ወይም በክፍል ተረስቶ የተቀመጠ ልጅ ከእኛ የሚጠብቀው ዕዳ አለ። አሳባችንን የሚቃወምም ሆነ የሚደግፍ መምህርና ተማሪ ብዕሩን ያንሣ፤ ለመሥራት የሚፈቅድ ደግሞ ስሙን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ።