ጣሳው ይዙር
መራዊ ላይ በርና መስኮት በያጅ ነኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከድልህ ጣሳ፣ ከፊኛና ከብስክሌት ራጂ የስተርሊንግ ሞተር እሠራለሁ። ስኮትላንዳዊው ቄስ ሮበርት ስተርሊንግ በ1816 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሞተር ነው። ቤንዚን አይጠጣም፤ የታሸገው አየር ከሥር በኩራዝ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ከላይ በውሃ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። አየሩን የሚያመላልሰው ውስጠኛ ገፊ ከላይኛው ፊኛ ሩብ ዙር መቅደም አለበት። ልፋቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ራጂው ትንሽ ከታከከ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ይህ የጣሳ ሞተር ወፍጮ ያዞራል የሚላችሁን ግን አትመኑ።

የሚያናድደኝ የሙቀት ትምህርት በሰሌዳ ሥዕል ብቻ መታለፉ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እንኳ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በሥዕል ሳይሆን ጋፋት ላይ ነሐስ አስቀልጠው ነው። የፊዚክስ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ጣሳ ያስቆርጡ፤ የቆርቆሮ መቀሱን እኔ አውሳለሁ።