ጠጃችንስ ቤት አያሻውምን?





ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ትምህርቱን ይከታተላል። በዚያች ከተማ በጋሮን ወንዝ ዳር በ2008 ዓ/ም (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016) የተከፈተ፤ «ሲቴ ዱ ቫን» የሚባል፤ ስለ ወይን ጠጅ ብቻ የቆመ ትልቅ የትርኢት ቤት አለ። ልጁ ጎብኝቶት ያየውን ጻፈልኝ። ጎብኚው የወይኑን አተካከል፤ የአጨማመቁን ጥበብና የየአገሩን ልማድ በሥዕልና በድምፅ፤ ሽታውን እስከ ማሽተት ድረስ ይማራል። በመጨረሻም ወደ 8ኛው ፎቅ ወጥቶ ከተማይቱን ቁልቁል እያየ አንድ ብርጭቆ ይቀምሳል። የብርጭቆው ዋጋ ከመግቢያው ቲኬት ጋር አብሮ የተከፈለ ነው፤ ወይን ጠጅ ለማይጠጣ ሰው የወይን ጭማቂ ይቀርብለታል።

ልጁ ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ እንዲህ ሲል ጨመረ፤ «ጋሼ፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ ብላቸው የእናንተ የማር ጠጅ እንዴት ይጣላል ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። እባክዎ ይጻፉልኝ።»

እውነቱን ልናገርና እኔም አላውቅም ነበር። ያሳደገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚያሰክር መጠጥ አፋችን እንዳይነካ አጥብቆ ያስተምረን ስለ ነበር እስከ ዛሬ ከብርዝ አላልፍም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለጉሮሮዬ ተከራክሬ እንዳይመስልብኝ።

መልሱን ፍለጋ ወደ አንዲት የሠፈራችን አሮጊት ሄድሁ። ወልድያ ውስጥ ለሠርግም ለጥምቀትም ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው። «ይህን የሚጠይቀኝ ሴት ልጅ ጠፍቶ ነው አንተ የመጣኸው?» ብለው ከሳቁብኝ በኋላ ነገሩኝ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ማሩ ከነሰፈፉ በውኃ ይበረዛል፤ አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውኃ። ጥቂት ቀን ከርሞ ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል፤ የጌሾው እንጨት ይገባል፤ መፍላቱን ጆሮ ወደ ጋኑ አስጠግቶ ማዳመጥ ነው። ጌሾው መቼ ይውጣ ብዬ ብጠይቃቸው «ሲበቃው» አሉኝ። ይህን «ሲበቃው» የሚለውን ቃል እኔ በደብተር ልጽፈው አልቻልሁም፤ አጠገባቸው ተቀምጦ የቀመሰ ብቻ ያውቀዋል።

ሴቶች ልጆቻቸው ሁሉም በየከተማው የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። አንዳቸውም ይህን አልተማሩም። ከነበሯቸው ጋኖች ሁለቱ በ2013 ዓ/ም መጨረሻ ወልድያ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ ተሰባብረዋል። በዚያው ጦርነት ደሴ ያለው የወሎ ሙዚየም መዘረፉን አንባቢ ያስታውሳል። ዕቃ ሲዘረፍ እንኳ ጥሎት የሚሄደው ባዶ መደርደሪያ አለ፤ የእጅ ሙያ ሲጠፋ ግን የጠፋበትን ቀን የሚያስተውል የለም።

አንድ ጊዜም ለስብሰባ ከአዲስ አበባ መጥተው የነበሩ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች የየጁን ጠጅ አቅምሰን አሉኝ። እኔ አዋቂ ስላልሆንሁ በጡረታ ያሉ አንድ ሽማግሌ መምህር አስከትዬ ወደ አንድ ቤት ወሰድኋቸው። ሽማግሌው አንድ ጉንጭ ቀምሰው ብርሌውን አስቀመጡትና «ይህን ማር አልነካውም፤ ስኳር ነው» አሉ። እንግዶቹ ግን እስከ ታች ጨርሰው አመሰገኑኝ። ያፈርሁት በምስጋናቸው ነው። እነርሱ ዛሬም የየጁን ጠጅ እንደ ቀመሱ ያምናሉ።

እንግዲህ አሳቤ ይህ ነው። ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደሴ መንገድ ባለችው በመርሳ አንድ መጠነኛ የጠጅ ሙዚየም ይቋቋም። ባለብዙ ፎቅ ሕንፃ አልጠየቅሁም። ቀፎው፤ ጋኑ፤ ማድጋው፤ ዋንጫውና ብርሌው በየስማቸው ይቀመጡ፤ አንዲት ባለሙያ በየጊዜው በጎብኚ ፊት ትጣል፤ በመጨረሻም በልክ ይቀመስ። በሀብሩ ሙስሊሙ ወገናችን ብዙ ስለ ሆነ ብርዙ ከጠጁ ባላነሰ ክብር ይቅረብ፤ እርሱም ከጥንት በሠርጉ ብርዝ ሲያቀርብ የኖረ ነውና ቤቱ የእርሱም ነው። የመርሳ ማንጎና ብርቱካንም በደጁ ገዢ ያገኛል። ጥናቱን ለማካሄድ ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሲሪንቃ ላይ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የፈረንጁን መጠጥ «ወይን ጠጅ» ብለን የሰየምነው እኛው ነን፤ ማለት የእርሱ ስም ከእኛው ጠጅ የተወሰደ ነው። የቦርዶው የካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ያፈራውን ወይን ጠጅ መልሶ ለእኛው ሲሸጥልን ቆይቷል። በዚህ አልቀየምም፤ ሥራ ነው። ነገር ግን ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የበለጠ ማር የሚመረትበት አገር ስለ ማሩ መጠጥ የሚያስተምርበት አንድ ቤት ሲያጣ ያስገርማል። ጆርጂያውያን በመሬት በተቀበረ የሸክላ ጋን ወይን ጠጅ የሚጥሉበትን ሙያ በ2006 ዓ/ም በዩኔስኮ አስመዝግበዋል። ጋንስ እኛ ዘንድ ጠፍቶ ነውን? ደግሞም ከወልድያ በዲልብ ወጥቶ በጋሸና በኩል ላሊበላ የሚሄደው መንገደኛ የሚሳለመው፤ እንደ ትውፊቱ፤ ንቦች ንግሥናውን ያወቁለትን ንጉሥ አይደለምን?

«መንገዱ እንደ ልብ በማያስኬድበት ዘመን ስለ ጠጅ ማን ያስባል?» የሚለኝ ወዳጅ አላጣም። ልክ ነው፤ ጎብኚው ሰላም እስኪሰፍን ሊቆይ ይችላል፤ ቤቱም ኋላ ሊሠራ ይችላል። አሮጊቷ ግን 80ን አልፈዋል። ስለዚህ ቢያንስ የመጻፉ፤ ድምፅ የመቅረጹና ሁለት ሦስት ልጃገረዶችን አጠገባቸው የማስቀመጡ ሥራ ከግንቡ በፊት ይቅደም እላለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ የአንድ ስብሰባን አበል አያህልም።

እኔ በበኩሌ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አያቶቻቸውን ጠይቀው የጠጅ፤ የብርዝና የጠላ አጣጣል እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። እስካሁን 19 ደብተሮች ደርሰውኛል። በጌሾው ነገር ሁለት የሚስማሙ አላገኘሁም። ደብተሮቹ በመምህራን ክፍል ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ይገኛሉ፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሊያያቸው ቢፈቅድ ቁልፉ በእኔ ዘንድ ነው።

ከወልድያ፤ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር