መስጂዳችንን በእርምጃ ማብራት እንችላለን?



ባለፈው የጀመዓ ስብሰባችን ላይ ከምህንድስና ክፍል የመጡ ወንድሞች ያቀረቡትን ሐሳብ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከግቢ ውጭ በምንሰግድበት መስጂድ መግቢያ ላይ፣ ሲረገጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ንጣፍ እናንጥፍ፤ ለጁሙዓ የሚመጣው ሰው በእግሩ እየረገጠ መብራቱን ያበራል፤ ለዕቃው መግዣ ከየአንዳንዳችን መዋጮ ይሰብሰብ የሚል ነበር። ተክቢራው ቤቱን ሞላው፤ እኔም አብሬ አልኩ። ማታ ዶርም ገብቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ሳሰላው ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በስብሰባው ያልተናገርኩትን ዛሬ እጽፈዋለሁ። ወንድሞችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ኒያቸው መልካም ነው። ነገር ግን መዋጮው አማና ነው። ብዙዎቻችን ከቤት ከሚላክልን ትንሽ ገንዘብ ላይ ቀንሰን የምናወጣው ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። እ.ኤ.አ. በ1880 ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር ኩሪ፣ እንደ ኳርትዝ ያሉ ክሪስታሎች ሲጨመቁ በገጻቸው ላይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንደሚታይ አሳዩ። ይህ ጠባይ ፒየዞኤሌክትሪክ ይባላል። በ1969 ደግሞ ጃፓናዊው ሄይጂ ካዋይ ፖሊቪኒሊዲን ፍሎራይድ፣ በአጭሩ ፒቪዲኤፍ፣ የተባለ ፕላስቲክ ይኸው ጠባይ ጎልቶ እንደሚታይበት አስታወቀ። የዚህ ፕላስቲክ ሞለኪውል ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ በሰንሰለቱ ላይ ሃይድሮጅንና ፍሎሪን ተሰክተዋል። ፍሎሪን ኤሌክትሮንን ወደ ራሱ ስለሚስብ በእሱ በኩል ያለው ጎን ኔጌቲቭ፣ የሃይድሮጅኑ ጎን ፖዘቲቭ ይሆናል። ፕላስቲኩ ተወጥሮ በኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲቆይ ሰንሰለቶቹ እንደ ሶላት ሰፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ከዚያ በኋላ ስትጫኑት ወይም ስትለጥጡት ቻርጅ ይሰጣል። አቅጣጫው በሌላ መስክ ሊገለበጥ ይችላል፤ መስኩ ቢነሳም እንደተገለበጠ ይቆያል። ይህ ጠባይ ፌሮኤሌክትሪክ ይባላል፤ መረጃ ለመያዝም ያገለግላል፤ አንዱ አቅጣጫ ዜሮ፣ ሌላው አንድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሱብሐነላህ የሚያሰኝ ነው። አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ።

60 ኪሎ የሚመዝን ሰው መሬቱን በ600 ኒውተን ገደማ ይጫናል። ንጣፉ በእርምጃው 5 ሚሊሜትር ቢሰምጥ፣ ከአንድ እርምጃ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛው ጉልበት 3 ጁል ነው። ለጁሙዓ 500 ሰው ይምጣ፤ እያንዳንዱ ሲገባ 4 ጊዜ፣ ሲወጣ 4 ጊዜ ንጣፉን ይርገጥ። 4,000 እርምጃ፣ 12,000 ጁል። ይህ አንዲት ጠብታ ሳትባክን ቢያዝ ባለ 10 ዋት አምፖል ለ20 ደቂቃ ያበራል። የስልካችሁን ባትሪ ሩብ እንኳ አይሞላም። ዕቃው አንድ አሥረኛውን ይያዝ ብንል፣ ያውም በልግስና፣ የሚተርፈን 2 ደቂቃ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ 2 ደቂቃ!

በአንጻሩ ባለ 50 ዋት የፀሐይ ፓነል በ5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ 900,000 ጁል ይሰጣል።

«ጃፓኖች ሠርተውት የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ በ2000ዎቹ በቶኪዮ ባቡር ጣቢያ ሞክረውታል። ያን ያህል ሕዝብ የሚተላለፍበት ቦታ ነው፤ ጣቢያው ግን በእግረኛ ኃይል ወደ መሥራት አልተሸጋገረም። በነጻ የሚገኝ ነገርም የለም። ከእግሩ ሥር የሚሰምጥ ወለል ላይ የሚሄድ ሰው አሸዋ ላይ እንደሚሄድ ይደክማል፤ ጉልበቱ የሚወጣው ከበላው እንጀራ ነው።

እዚህ ላይ የኢብኑል ሀይሠም ታሪክ ትዝ ይለኛል። ስለ ብርሃንና ስለ ዓይን በጻፉት እንኮራባቸዋለን፤ ሌላውን ታሪካቸውን ግን ብዙም አናነሳም። አል-ቂፍጢ እንደሚተርኩት ኢብኑል ሀይሠም የዓባይን ውኃ መቆጣጠር እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። የግብጹ ገዢ አል-ሐኪም ይህን ሰምተው አስጠሯቸው። ሊቁ ከአስዋን በላይ ወዳለው የወንዙ ስፍራ ሄደው መረመሩ፤ ያሰቡት እንደማይሆን ተረዱ። ተመልሰውም በዚያ የሚፈራ ገዢ ፊት አይሆንም ብለው ተናገሩ። በኋላም ቁጣውን ፈርተው እንደ እብድ ሆነው እስከ ገዢው ሞት፣ እስከ 1021፣ በቤታቸው ተወስነው ቆዩ ይባላል። እኛ የምንፈራው ገዢ የለም። የምንፈራው ተክቢራ ያለውን ጉባኤ ማሳፈር ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ፕላስቲክ ዋጋ የለውም? አለው፤ ግን ዋጋው በማብራት ሳይሆን በማዳመጥ ነው። እንደ ፒዜድቲ ያሉት ሴራሚኮች በተመሳሳይ ግፊት ከአሥር እጥፍ በላይ ቻርጅ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ተሰባሪ ናቸው፣ ሊድም አለባቸው። ፒቪዲኤፍ እንደ ፌስታል ስስ ነው፣ ይተጣጠፋል፣ የደም ሥር ምትን ያህል ትንሽ እንቅስቃሴ ይሰማል። በማይክሮፎን፣ በባሕር ውስጥ ድምፅ መስሚያና በአልትራሳውንድ ሥራ ላይ የዋለውም ለዚህ ነው።

ያደግኩት ዘመሮ ነው። አባቴ ከይፋት ቆላ ወጥቶ እዚያ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። የመንዝ ብርድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ታናሽ እህቴ ሕፃን ሳለች ሳል ያዛትና እናቴ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወሰደቻት። ሠራተኛዋ የልጅቱን ደረት ገልጣ፣ ሰዓት ይዛ፣ ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ የሳምባ ምች ይጠረጠራል። የሚያለቅስና የሚወራጭ ሕፃን ትንፋሽ መቁጠር ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያኔ በዓይኔ አየሁ። እህቴ አልሐምዱሊላህ ዳነች።

ከፍራሽ ሥር የተነጠፈች የፒቪዲኤፍ ቁራጭ፣ ከትንሽ ማጉያና ቆጣሪ ጋር፣ ይህን ቆጠራ ልታግዝ ትችላለች። ለዚህ 12,000 ጁል አያስፈልግም፤ የምትፈለገው ምልክቷ ናት። የምህንድስና ወንድሞቻችን የመመረቂያ ሥራቸው ይህ ቢሆን እላለሁ። ከጤና ክፍል እህቶች ጋር ሆነው፣ መጀመሪያ በራሳቸው ላይ ሞክረው፣ የዕቃውን ቁጥር ከእጅ ቆጠራ ጋር እያስተያዩ፣ ስህተቱንም ሳይደብቁ ይጻፉት።

ሌላም አለ። በ1957 ጃፓናውያኑ ፉካዳና ያሱዳ አጥንት ፒየዞኤሌክትሪክ መሆኑን አሳይተዋል። የበግ ጠጉርም እንዲሁ ነው፤ ኬራቲን የተባለው ፕሮቲኑ እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠመጠመ ሰንሰለት ነው። በዘመሮ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ጠጉር ሲፈትሉ እያየሁ ነው ያደግኩት። የመንዝን ባና በበጋ ሌሊት ስትገፉት በጨለማ ብልጭ ብልጭ ይላል። እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ፒየዞ ስማር «ይኸው አገኘሁት!» አልኩ። ተሳስቼ ነበር። ያ ብልጭታ ከመተሻሸት የሚመጣ ነው፤ የጠጉሩ ፒየዞ ግን ከፒቪዲኤፍም በእጅጉ የደከመ፣ በመሣሪያ ብቻ የሚታይ ነው። ቢሆንም ሊጠና ይገባዋል። ፍሎሪን ያለባቸው እንደ ፒቪዲኤፍ ያሉ ፕላስቲኮች በአካባቢ ውስጥ በቀላሉ አይበሰብሱም፤ በአውሮፓም በ2023 መላው ቤተሰባቸው እንዲገደብ ሐሳብ ቀርቧል። ጠጉር ግን ይበሰብሳል፣ በየዓመቱም ይሸለታል። የመንዝን በግ ጠጉር ለክቶ ቁጥሩን በሐቅ የሚጽፍ ተማሪ፣ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ ኢልም ጨምሯል።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ለመስጂዱ መብራት የሚዋጣው ገንዘብ የፀሐይ ፓነልና ባትሪ ይገዛበት። ንጣፉን መሞከር የሚፈልግ በቤተ ሙከራ አንዲት ቁራጭ ይሥራ፤ የሚሰጠውንም ጁል በሚቀጥለው ስብሰባ ይንገረን። ካሰላሁት በላይ ካገኘ፣ በዚሁ ገጽ ላይ ስህተቴን በደስታ እጽፋለሁ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።