የቤተሰብ አምድ፦ ዘብ የቆመ ሞተርም ይደክማል

ለዛሬው አምዳችን መነሻ የሆነን ከአንዲት የወታደር ባለቤት የደረሰን ደብዳቤ ነው። እኅታችን ስማቸው እንዳይገለጽ ስለ ጠየቁ፣ ፈቃዳቸውን አክብረን ጉዳዩን ብቻ እናቀርባለን።

እኅታችንና ባለቤታቸው በደጋ ሰፈር ሳሉ ከደመወዝ ቆጥበው፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥና በኮምፒውተር እየታዘዘች እንጨት የምትቀርጽ አነስተኛ የሲ ኤን ሲ ማሽን ገዙ። ባልየው በዕረፍት ቀናቸው ገጣጠሟት፤ ሚስትየዋም የረከቦት ጠርዝ፣ የስም ሰሌዳና የፎቶግራፍ ክፈፍ እያስቀረጹ ይሸጡ ጀመር። ገቢው ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይበቃ ነበር። ወደ ቆላ ከተዛወሩ ወዲህ ግን ማሽኗ ጠባይዋን ለወጠች። ለአንድ ሠርግ ከታዘዙ ሦስት ረከቦቶች ሁለቱ፣ ሐረጉ መሐል ላይ ተዛንፎ ተበላሹ። በግዳጅ ላይ ያሉት ባለቤታቸው በስልክ «ጉልበት አጥሯት ነው፤ ከረንቱን ጨምሪላት» አሏቸው። እኅታችንም ጨመሩ። ሦስተኛው ከሁለቱ ብሶ ተበላሸ፤ ቀብዱም ተመለሰ። በማግሥቱ ደግሞ የአራት ዓመት ልጃቸው ሞተሩን ነክቶ እየጮኸ መጣ።

«ባለቤቴ የሞተር ሙቀት የጤና ነው ይላል፤ እኔ ቤት ታቃጥላለች እላለሁ። የማናችን ቃል ነው ትክክል? ወይስ ልሽጣትና ልረፍ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

እኅታችን ሆይ፣ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ነገር ግን የምትነጋገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ፍርዱን ለመስጠት አስቀድሞ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያሻል።

በማሽንዎ ላይ ያሉት ስቴፐር ሞተሮች ከተራ ሞተር የሚለዩት በእርምጃ በመዞራቸው ነው። አብዛኞቹ አንድ ዙር የሚጨርሱት በ200 እርምጃ ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ነው። እነዚህ ሞተሮች ሲቆሙም አያርፉም። የያዙትን ቦታ እንዳይለቁ በጥቅልል ሽቦአቸው ውስጥ ከረንት ይፈስሳል። ዘብ የቆመ ወታደር አንድ እርምጃ ሳይራመድ ላብ እንደሚያጠልቀው ሁሉ፣ ሞተሩም ሳይንቀሳቀስ ይግላል። ስለሆነም «ቆሞ ሳለ ለምን ይሞቃል?» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

ባለቤትዎ ልክ የሆኑት እዚህ ላይ ነው። የብዙዎቹ ስቴፐር ሞተሮች የሽቦ መከላከያ ክፍል ቢ የሚባለው ሲሆን፣ የሚችለው ሙቀት እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይኸውም 50 ዲግሪ በሞቀ አየር ውስጥ ተጨማሪ 80 ዲግሪ እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ ማለት ነው። በመሆኑም ውጫዊ አካሉ 60 ወይም 70 ዲግሪ ቢደርስ ሞተሩ አይታመምም።

እርስዎ ልክ የሆኑት ደግሞ በሌላው በኩል ነው። ለሞተሩ ጤና የሆነው 60 ዲግሪ ለሰው ቆዳ ቃጠሎ ነው፤ የሕፃን ቆዳማ ከአዋቂው ይልቅ ስስ ነው። የሞተሩ ማቀፊያ በስሪ ዲ ፕሪንተር የተሠራ የፒ ኤል ኤ ፕላስቲክ ከሆነም በ60 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል፤ ሞተሩም ቀስ በቀስ ያዘነብላል። በደጋ ያልነበረ ችግር በቆላ የመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሞተሩ ከክፍሉ አየር በ45 ዲግሪ በልጦ የሚሞቅ ቢሆን፣ ክፍሉ 20 ዲግሪ በሆነበት ደጋ 65 ይደርሳል፤ ክፍሉ 37 ዲግሪ በሆነበት ቆላ ግን ያው ሞተር ያንኑ ሥራ እየሠራ 82 ይደርሳል። ሰው ሲዛወር ልብሱን እንደሚለውጥ፣ ማሽንም ሲዛወር አያያዙ መለወጥ አለበት።

ይሁን እንጂ ረከቦቶቹን ያበላሸው ሞተሩ ነው ብለን አናምንም። የምንጠረጥረው ከረንቱን እየመጠነ ወደ ሞተሩ የሚልከውን ድራይቨር የተባለውን ትንሽ ሰሌዳ ነው። በአነስተኛ ማሽኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ኤ 4988 የተባለው ድራይቨር፣ ያለ ማቀዝቀዣ የሚችለው ወደ 1 አምፔር ገደማ ብቻ ነው፤ 2 አምፔር የሚሸከመው በቂ ማቀዝቀዣ ሲኖረው ነው። ውስጡ 165 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ሥራ ያቆማል፤ ጥቂት ሲቀዘቅዝ እንደገና ይቀጥላል።

ጉዳቱ ከዚህ ይመጣል። ማሽንዎ ዓይን የላትም፤ የምትሄደው በጨለማ እርምጃውን እየቆጠረ እንደሚጓዝ ቃኚ ነው። ድራይቨሩ ለአፍታ ሲያቆም ሞተሩ ባለበት ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ግን ያልተረገጠውን እርምጃ ሁሉ እንደ ተረገጠ ቆጥሮ ያልፋል። ሐረጉ የተዛነፈው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከረንቱን ሲጨምሩ የባሰበትም ለዚሁ ነው፤ የሞቀውን ድራይቨር የበለጠ አሞቁት። ባለቤትዎ የነገሩዎት መድኃኒት ጉልበት ላጣ ሞተር የሚሆን ነው፤ ሙቀት ለበዛበት ድራይቨር ግን እሳት ላይ ላምባ መጨመር ነው።

እንግዲህ መደረግ ያለበትን በቅደም ተከተል እንንገርዎ።

አንደኛ፣ ከረንቱን ይቀንሱ። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በከረንቱ ልክ ሳይሆን ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። ከረንቱን ወደ 70 በመቶ ቢያወርዱት፣ የሞተሩ ጉልበትም ወደ 70 በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ ሙቀቱ ግን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሦስት እጅ ሰጥቶ አምስት እጅ ማትረፍ ማለት ነው። በኤ 4988 ላይ ይህ የሚስተካከለው በትንሿ ብሎን ሲሆን፣ በቴስተር የሚለካው ቮልት ከከረንቱ፣ ከ8 እና ከሰሌዳው ሬዚስተር ብዜት ጋር እኩል ነው። ሬዚስተሩ ላይ አር 100 ተብሎ ከተጻፈ 0.1 ኦም ነው፤ ስለዚህ ለ1 አምፔር 0.8 ቮልት ይሆናል። በሌሎች ሰሌዳዎች የሬዚስተሩ መጠን ስለሚለያይ ጽሑፉን ሳያነቡ አይንኩ። ካቻቪቴው ተንሸራቶ ሁለት እግር ካገናኘ ድራይቨሩ ሊቃጠል ይችላልና ይህን ሥራ ባለቤትዎ ሲመለሱ አብራችሁ ብትሠሩት መልካም ነው። ኤሌክትሪክ ሳይጠፋ የሞተርን ሽቦ መንቀል ግን ለማንም ክልክል ነው፤ ድራይቨርን ከሚገድሉ ስሕተቶች ዋነኛው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ጉልበቱ ሲቀንስ ሥራውንም ይቀንሱለት። በአንድ ጊዜ 2 ሚሊሜትር ጠልቃ የምትቀርጸውን፣ በ1 ሚሊሜትር ሁለት ጊዜ ትመላለስበት። ሰዓት ይረዝማል፤ እንጨቱ ግን አይበላሽም።

ሦስተኛ፣ ድራይቨሩን ያቀዝቅዙ። ሂት ሲንክ የሚባለው ክንፋማ አሉሚኒየም በያንዳንዱ ድራይቨር ላይ በደንብ መለጠፉን ያረጋግጡ፤ የጎን እግሮቹን ግን መንካት የለበትም። ከዚያም አንዲት ትንሽ ቬንትሌተር በክንፎቹ ላይ ቀጥታ እንድትነፍስ ይግጠሙ። አየሩ የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትም ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ክዳኑ የተዘጋ ሣጥን የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይተነፍሳል። ሰጋቱራም እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀት ያፍናልና፣ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ በየሳምንቱ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ወደ ደጋ የምትመለሱ አንባቢዎችም አትዘናጉ፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ቬንትሌተር የሚያስወግደው ሙቀትም ያንሳል።

አራተኛ፣ ዘቡን ያሳርፉት። ከሰሌዳው ተለይተው የሚገጠሙ ትልልቅ ድራይቨሮች ብዙዎቹ፣ ሞተሩ ሲቆም ከረንቱን ወደ ግማሽ የሚያወርድ ማብሪያ አላቸው። ግማሽ ከረንት ማለት ሩብ ሙቀት ማለት ነው። ማሽንዎ ግርብል በተባለው ፕሮግራም የምትታዘዝ ከሆነ፣ ቁጥር 1 ማስተካከያው 255 ሲሆን ሞተሮቹ ሁልጊዜ ተጠንቀቅ ላይ ናቸው፤ 25 ሲሆን ግን ከቆሙ ከ25 ሚሊሰከንድ በኋላ ያርፋሉ። ሆኖም ያረፈ ሞተር ቦታውን ሊለቅ፣ መቅረጫውን የተሸከመው ቋሚ ክፍልም ወደ ታች ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ሥራ ተጀምሮ ሳያልቅ አይሞክሩት፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት ግን ከሁሉ የሚሻለው ኤሌክትሪኩን ማጥፋት ነው።

አምስተኛ፣ በእጅ ከመገመት በቴርሞሜትር ይለኩ። በርቀት የሚለካው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ አሳንሶ ያነብባልና፣ በሞተሩ ላይ ጥቁር ቴፕ ለጥፈው በቴፑ ላይ ይለኩ። ሥራ በተጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ80 ዲግሪ ካለፈ ያቁሙ፤ ከረንቱም እንደገና ይቀነስ።

ስለ ልጅዎ ግን ምንም ማስተካከያ አይበቃም። ማሽኗ በር በሚዘጋበት ክፍል ወይም ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ትቀመጥ። በሥራ ላይ ሳለችም ጥሏት መተኛት ወይም ገበያ መሄድ አይገባም። የሚሽከረከረው መቅረጫ እንጨቱን እያሻሸ ካገለው፣ ሰጋቱራ ሊቀጣጠል ይችላል። የቃጠሎ ሽታ ከመጣ አስቀድመው ኤሌክትሪኩን ያጥፉ፤ ምክንያቱን ኋላ ይፈልጉታል።

እንግዲህ ይሽጧት ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሳችን፦ አይሽጧት። ከመጣሏ በፊት አንዲት ቬንትሌተርና አንድ ምሽት ይስጧት። በመጀመሪያ በርካሽ ጣውላ ላይ ያንኑ ሐረግ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያስቀርጹ፤ መስመሩ ከተጋጠመ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ያለ ሥጋት ይቀበሉ። ባለቤትዎ ሲደውሉም «የሞተሩ ነገር አንተ ልክ ነህ፤ የድራይቨሩና የልጃችን ነገር ግን እኔ ልክ ነኝ» ይበሏቸው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ቤት ነው።