ሰዓታችንን ማን ይጻፍልን?

እህቶቼ፣ «የስልክ ሐኪም» እያላችሁ የምትጠሩኝ እኔ ነኝ። ስክሪን ሲሰነጠቅ፣ ሜሞሪ ሲሞላ፣ ዋትሳፕ አልከፍት ሲል ስልኩ ወደ እኔ ይመጣል። ዛማሌክ ውስጥ በሰው ቤት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስልክና ኮምፒውተር መነካካት ደግሞ ከዚያ በፊትም እወድ ነበር፤ የሰፈሬን የኢንተርኔት ቤት ወንበር ያሞቅሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስልክ የምትጠላ ሴት ጻፈችው እንዳትሉ። ስለምወደው ነው የምቆጣው።

ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንዲት እህታችን ሦስት ካሜራ ያለው አዲስ ስልክ ይዛ መጣች። በ«ተቅሲጥ» ነው የገዛችው፤ ገና የስምንት ወር ክፍያ ይቀራታል። ሁላችንም እየተቀባበልን አየነው፣ ፎቶም ተነሳንበት። ሻይ ሲቀርብ ግን ማልቀስ ጀመረች። ማዳሟ የሁለት ወር ደሞዝ አልሰጠቻትም። ስትጠይቃት «ሰጥቼሻለሁ፣ ረስተሽ ነው» አለቻት። «የተጻፈ ነገር አለሽ?» አልኳት። ዝም። ስልኩን አብረን ከፈትነው። የፎቶ ብዛት ልክ የለውም፤ የምግብ፣ የፀጉር፣ የናይል ዳር። ስለ ደሞዟ ግን አንድ መስመር የለም።

እኔ የማማርረው በእሷ ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን። በወር ከምናገኘው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ለስልክ ሰጥተን፣ ስልኩን ስለዚያ ገንዘብ አንድ ቃል እንዲመዘግብልን አናዘውም። እንዴ! ሙያተኛ የሆነ ሰው መሣሪያውን ለሥራው ነው የሚገዛው። የልብስ ሰፊ መኪና ይሰፋል፤ የአናጢ መዶሻ ይመታል። የእኛ ስልክ ለሥራችን ምን ይሠራል?

የኔን ስህተት ልንገራችሁ፤ የማውቀው ከራሴ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ በገባሁበት ቤት አዳሪ ነበርኩ። ሰዓቴን በደብተር እጽፍ ነበር፤ በዚህም ራሴን እንደ ጎበዝ እቆጥር ነበር። ስወጣ የቀረኝን ክፍያ ለመጠየቅ አንድ የሚረዳን ሰው ጋ ደብተሩን ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ገጹን ገልብጦ «ታዲያ በቀን አራት ሰዓት ነው የሠራሽው፣ ምን ያስከፋሻል?» አለኝ። የጻፍኩት «ከ12 እስከ 4» ነበር። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ ሌሊቱ 4 ሰዓት ማለት ነው፤ 16 ሰዓት። እሱ ግን ያነበበው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከቀትር እስከ ከሰዓት በኋላ 4። ቀኑንም በእኛ የዘመን አቆጣጠር ስለጻፍኩት፣ ዓመቱ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ታየው። አንድ ዓመት ሙሉ የደከምኩበት ደብተር የሌላ ሰው ሕይወት መሰለ።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይኼ ነው፦ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ ሌላው በማያነበው መንገድ የተጻፈም እንዲሁ። ስልክ ግን ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ ይመታል። መልእክት ስትልኪ «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ አይጠይቅሽም። ለዚህ ሥራ ሦስት ካሜራ አያስፈልግም፤ ጠርዙ የተላጠ አሮጌ ስልክ በቂ ነው።

«ሕጉ አያውቀንም፣ ምን ያረጋል?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አያውቀንም። እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የግብፅ የሥራ ሕግ ቁጥር 12 የቤት ሠራተኞችን በግልጽ ከሽፋኑ አስወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የተተካው አዲሱ ሕግ ቁጥር 14 መጣ፤ እኛ አሁንም ውጭ ነን። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ጄኔቫ ላይ ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ን አጽድቋል። ስምምነቱ የሥራው ሁኔታ በግልጽ እንዲነገረን፣ ቢቻል በጽሑፍ ውል እንዲሆን፣ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እንድናርፍ፣ ፓስፖርታችን በእጃችን እንዲቆይ ይላል። ግብፅ አላፀደቀችውም።

ታዲያ ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «አትጻፊ» ነው? ተገላቢጦሹ ነው እንጂ! የፋብሪካ ሠራተኛ ባትጽፍ እንኳ የፋብሪካው መዝገብ አለላት፤ የፊርማ ወረቀት አለ፣ የሥራ ተቆጣጣሪ አለ። እኛ ማን አለን? የምንሠራው በተዘጋ በር ውስጥ ነው፤ ምስክራችን ማቀዝቀዣው ነው። ኤምባሲ ብንሄድ፣ ጠበቃ ብናናግር፣ የማዳምን ወንድም በሽምግልና ብናስቀምጥ፣ መጀመሪያ የምንጠየቀው «ማስረጃሽ የታለ?» ነው። ሕግ ያልጻፈላት ሴት ራሷ መጻፍ አለባት።

ደግሞ እኛን የሚመዘግበን የለም እንዳትሉ። ስንቶቻችን በምንሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ካሜራ አለ? ወጥ ቤት ውስጥስ? ማዳም ከባሕር ዳርቻ ሆና «ለምን ተቀመጥሽ?» ብላ የደወለችላት አንድ ብቻ አይደለችም። ዱሮ ማዳም ከቤት ስትወጣ ትንሽ እፎይ ይባል ነበር፤ አሁን በኪሷ ይዛን ትሄዳለች። በዕረፍት ቀናችን የሚመጣውንም የድምፅ መልእክት አስቡት፤ «የልጁ ሹራብ የት ነው?»፣ «ነገ እንግዳ አለ፣ በጊዜ ነይ»። ይሄ ሥራ አይደለም? የእረፍቷን ቀን ግማሽ ስልክ ስትመልስ የዋለች ሴት አርፋለች ይባላል? የተቀመጥንባቸው አምስት ደቂቃዎች በእነሱ ስልክ ላይ ተቀርጸው አሉ። የቆምንባቸው 16 ሰዓታት ግን በማንም ስልክ ላይ የሉም። እኔ ስለ ቴክኖሎጂ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይኼ ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ እነሱ እኛን ለመቁጠር ይጠቀሙበታል፣ እኛ ራሳችንን ለማሳየት ብቻ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በድብቅ እንቅረጽ እያልኩ አይደለም። ይህን በደንብ ስሙኝ። በግብፅ የወንጀል ሕግ የሰውን የግል ንግግር ወይም ምስል ያለፈቃዱ መቅረጽ ያሳስራል፤ እ.ኤ.አ. የ2018ቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ ቁጥር 175ም የሰውን የግል ሕይወት መጣስ ይቀጣል። የማዳምን ሳሎን ከኋላሽ አድርገሽ ቲክቶክ የምትለቂ፣ የልጆቹን ፊት የምታሳዪ፣ ለአንድ ሺ ላይክ ብለሽ መኖሪያሽን አታጪ። እ.ኤ.አ. በ2020 በቲክቶክ ቪዲዮ ምክንያት ግብፃውያን ወጣት ሴቶች እንኳ ታስረዋል፤ ለእኛማ ማን ይደርስልናል?

የእኔ ዘዴ ድብቅ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ደሞዝ በተቀበልኩበት ቀን ለማዳም በዋትሳፕ እንዲህ እልካለሁ፦ «ሹክረን ያ ማዳም፣ ኢስተለምት ሙረተብ ሸህር ማርስ።» የመጋቢትን ደሞዝ ተቀብያለሁ ማለት ነው። የጎደለ ካለ በዚያው መልእክት «ፋዲል አልፍ» እላለሁ፤ አንድ ሺ ይቀራል። እሷ አውራ ጣቷን ትልካለች ወይም «ማሺ» ትላለች። በቃ! ያቺ አውራ ጣት ከቀኗና ከሰዓቷ ጋር ፊርማ ሆነች። አልሰደብኳት፣ አልከሰስኳት፣ አልሰለልኳት። አመሰገንኳት። አንድ ወር ምስጋናው ከቀረ፣ ያ ወር አልተከፈለም ማለት ነው፤ ዝምታውም ይናገራል።

ሰዓቱንም እንዲሁ። ስትገቢ «ሰባህ ኸይር፣ አና ወሰልት»፤ ስትወጪ «ኸለስት፣ አና ማሽያ»። ብዙዎቹ ማዳሞች ይህን ትሕትና አድርገው ነው የሚያዩት። አዳሪ የሆነች ደግሞ ለራሷ ትላክ፤ ዋትሳፕ ላይ ለገዛ ቁጥር መጻፍ ይቻላል። በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ይሁን። «ከ12 እስከ 4» የሚባል ነገር እንዳላይ!

ከዚያ ማስቀመጡ ነው። መልእክት የላከ ሰው ከሁለት ቀን በላይ እንኳ ቆይቶ ሊያጠፋው ይችላል፤ ስለዚህ ዋናዋን መልእክት ስክሪንሾት አድርጊ። መልእክቶች በራሳቸው እንዲጠፉ የሚያደርገው ማስተካከያ እንዳልበራ ተመልከቺ። የፓስፖርትሽን፣ የኢቃማሽን፣ ውል ካለም የውሉን ፎቶ ለራስሽ ኢሜይል ላኪ፤ ጎግል 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ለወረቀት ከበቂ በላይ ነው፣ በሠርግ ቪዲዮ ካልሞላሽው። ስልክሽ ቢወሰድ፣ ናይል ውስጥ ቢገባ፣ ወረቀቱ ከሌላ ስልክ ላይ ይከፈታል። የይለፍ ቃሉን ግን በወረቀት ጽፈሽ ከምታምኛት እህት ጋ አስቀምጪ። ሌላም ጥያቄ አለኝ፦ ሲም ካርድሽ በማን ስም ነው? በማዳም ወይም በባዋቡ ስም ከሆነ፣ የተጣላችሁ ቀን ቁጥርሽም ዋትሳፕሽም በእነሱ እጅ ነው። ፓስፖርትሽ በእጅሽ እያለ በስምሽ አውጪ።

አማርኛውንም በአማርኛ ፊደል እንጻፍ። በላቲን ፊደል ተጨማምቆ የሚጻፈው ነገር ከወር በኋላ ለራሳችንም አይነበብም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ጎግል ትርጉምም ከ2016 ጀምሮ አማርኛ ይሞክራል። ተርጓሚው ብዙ ይሳሳታል፤ የዐረብኛ ወረቀት ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ ለማወቅ ይበቃል፣ ለመፈረም ግን አይበቃም። ከመፈረምሽ በፊት ሰው አስነብቢ።

ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። አንዷ «የኔ ማዳም ጥሩ ሰው ናት፣ ይህን ባደርግ ያላመንኳት ይመስላታል» አለችኝ። እኔም አሁን የምሠራላት ማዳም ጥሩ ሰው ናት። እሷም ግን የሱፐርማርኬቱን ደረሰኝ ከእኔ ትቀበላለች፤ ባለሱቁንም እኔንም ጠልታ አይደለም። ሒሳብ ስለሆነ ነው። ጥሩ ሰው ይረሳል፣ ይታመማል፣ አገር ይቀይራል። ሌላዋ «ማንበብና መጻፍ አልችልም» አለች። የድምፅ መልእክትም ቀን አለው፤ ድምፅሽን ላኪ። «ስልኬን ማዳም ትይዘዋለች፣ ዓርብ ብቻ ትሰጠኛለች» ያለችኝ ደግሞ አለች። ለእሷ የምለው ከባድ ነው። ስልክ የሚቀማ ቤት የሚፈራው ነገር አለ። ዓርብ ስልኩ በእጅሽ ሲገባ ከቲክቶክ በፊት የሳምንቱን ሰዓት በድምፅ ለአንዳችን ላኪ። እኛ እናስቀምጥልሻለን። ማኅበር ማለት ይኼ ካልሆነ ምንድነው?

ስለ መግዛት አንድ ነገር ብዬ ላብቃ፤ ሁልጊዜ ስለምጠየቅ ነው። ሸዓሪዕ አብዱልአዚዝ ሄዳችሁ ያገለገለ ስልክ ስትገዙ፣ ወይም ከባሕረ ሰላጤ አገር የመጣ ስልክ በርካሽ ሲቀርብላችሁ፣ ተጠንቀቁ። ግብፅ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ከውጭ የሚገቡ ስልኮችን እየመዘገበች 38.5 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ትጠይቃለች፤ ያልተከፈለበት ስልክ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በግብፅ ሲም መሥራት ያቆማል። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ደውሉ፤ 15 አሃዝ ይወጣል። ያንን ቁጥር ቴሌፎኒ በሚባለው መተግበሪያ ላይ አይታችሁ ነው ገንዘብ የሚቆጠረው። ቁጥሩን በወረቀትም ያዙት፤ ስልኩ ሲጠፋ መታወቂያው እሱ ነው። ተቅሲጥ ግን እባካችሁ ይቅር። የስልክ ዕዳ ያለባት ሴት ማዳም ስታስቀይማት «እወጣለሁ» ማለት አትችልም። ስልኩ ነው ያሰራት።

ያቺ እህታችን የሁለት ወር ደሞዟን አላገኘችም። አግኝታለች ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ያገኘችው ነገር ቢኖር፣ ካለፈው ወር ጀምሮ የሚጻፍ መዝገብ ነው። የመጀመሪያውን «ሹክረን» ስትልክ አጠገቧ ነበርኩ፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። መልሱ በሦስት ደቂቃ መጣ፦ «ማሺ»።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። እኔ ቀድሜ እመጣለሁ። የመጀመሪያውን መልእክት አብረን እንልካለን፣ የፓስፖርቱን ፎቶ አብረን እናስቀምጣለን። አዲስ ስልክ የያዘችም ትምጣ፤ ሦስቱንም ካሜራ አድንቄላት ከዚያ ወደ ሥራ እንገባለን።