እንገሩን አትድፊው!

«ስምንት ወሬ ነው። የምንኖረው ከአማቴ ጋር ሲሆን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ሰሞኑን ግን ‹ስትወልጂ መጀመሪያ የሚመጣው ቢጫ ወተት የልጁን ሆድ ያሳምማል፤ አልበሽ ድፊው፤ ቅቤ እናልሰዋለን› አሉኝ። እምቢ ብል ቅር እንዳይላቸው ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ደብዳቤው የአንዲት አንባቢዬ ነው። እህቴ፣ መልሴን ከሩቅ አገር፣ ከአውስትራሊያ ብጀምረው አትቀየሚኝ።

የቀይ ካንጋሮ እርግዝና 33 ቀን ያህል ብቻ ነው። ግልገሉ ሲወለድ አንድ ግራም እንኳን አይሞላም። ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ፀጉር ሳያበቅል በፊት እግሮቹ እየቧጠጠ እናቱ ኪስ ውስጥ ይገባና ጡቷ ላይ ይጣበቃል። ጉዱ ግን ወዲህ ነው፤ የበሽታ መከላከያ ኃይሉ ገና አልተሠራም! በሽታ የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች የሚበስሉበት ታይመስ የሚባል እጢ አለ። የኛ ልጆች ማህፀን ውስጥ እያሉ ሥራ ይጀምራል። የካንጋሮው ግን ለሥራ የሚደርሰው ከተወለደ በኋላ፣ እዚያው ኪስ ውስጥ ነው። ያውም ሁለት ነው፤ አንዱ አንገቱ ላይ፣ ሌላው ደረቱ ውስጥ። የራሱን አንቲቦዲ በወጉ እስኪያመርት ሳምንታት ያልፋሉ። ኪሱ ደግሞ ከጀርም የጸዳ ቤት አይደለም።

ታዲያ በምን ይተርፋል? በእናቱ ወተት ነዋ! የእናቱ አንቲቦዲና ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖች በወተቷ በኩል ይደርሱታል። የራሱ ዘብ እስኪቆም የእናቱ ዘብ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

እህቴ፣ ያንቺ ልጅ ከካንጋሮው የተሻለ ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው፤ በእንግዴ ልጁ በኩል ካንቺ አንቲቦዲ ተቀብሏል። ቢሆንም ለዚህ ዓለም ጀርም አንጀቱ ገና እንግዳ ነው። እሱን የሚጠብቅለት አንቲቦዲ ደግሞ የሞላው እዚያው ይደፋ በተባለው እንገር ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ልጅ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፣ እስከ 6 ወሩም ከጡት በቀር ውሃም ቅቤም እንዳይቀምስ ይመክራል።

አማትሽን አትከራከሪያቸው። «እማማ፣ እንገር ያልጠባ ጥጃ ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ከዚያ ለክትትል ስትሄጂ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ከነርሷ አፍ ይስሙት። ቅቤውንም እምቢ አትበያቸው፤ ያንቺ ገንፎ ላይ ያፍስሱት!