ከሱሱ በፊት ገበታውን መጠየቅ

ሽቅብ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ከሚወጡት ጸበልተኞች መካከል ጫትና መጠጥ አልላቀቅ ያላቸው አይጠፉም። ሱሱን ዘመድም ጎረቤትም ያያል። ሰውየው በልቶ ያድር እንደሆነ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ነው፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ውፍረትን አጥብቃ የምትፈራ ወጣት ይህን ካወቀች ቅጠሉ መዝናኛነቱ ይቀርና የረሃብ ማስታገሻ ይሆንላታል። ማታ ደግሞ ጨብሲው (የጫቱን ምርቃና መስበሪያ መጠጡ) አለ፤ በባዶ ሆድ።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ረሃብ ራሱ ሱስ ሊወልድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1945 አንሴል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የ36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን ምግብ ለስድስት ወር ያህል ቀንሶ አጠና። ሰዎቹ ቡናና ማስቲካ ላይ ተጣበቁ፤ በቀን እስከ 40 ፓኬት ማስቲካ ያኘከም ነበር። ሲጀምሩ እኮ አንዳቸውም የአመጋገብ መታወክ አልነበረባቸውም!

ጾም በሽታ አይደለም፤ እንዲያ ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው። ለአመጋገብ መታወክ መሸሸጊያ ሊሆን ግን ይችላል፤ በጾም ወቅት አልበላም ያለችን ልጅ ማን ይጠረጥራል? ለታመመ ሰው ጾሙን የሚያቀልለት የንስሐ አባት ነውና፣ ምልክቱን ለማወቅ ከሐኪሙ እኩል እሱም ሥልጠና ይገባዋል። እምነትንና ሕክምናን አብሮ ማስኬድ አዲስ አይደለም፦ ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ መክረው ነበር። ለሱሰኛው የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄም «ስንት ጊዜ ቃምክ?» ከመሆኑ በፊት «ትናንት ምን በላህ?» ቢሆን ይሻላል።